ብል ያልበላው ካባ

የዚያን እሑድ ሱቁ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እሜቴ ጥሩወርቅ ደንበኛ በሚያርፍበት በርጩማ ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል። የእናኑ የንስሐ አባት መምሬ አላምረው ጭራቸውን ይዘው ከጨርቅ መደርደሪያው ሥር ቆመዋል። እናኑ፣ የሱቁ ባለቤትና የእኔ አብሮ አደግ፣ ከባንኮኒው ኋላ ሁለት እጇን ዘርግታ ባንኮኒውን ተደግፋለች። ልብስ ሰፊው ጋሽ ኑርዬ በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናቸው ጋር ናቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ማጅራቴ ላይ ድንጋይ አለ።

ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ነፋስ በሩን እያላጋ ሲያስቸግረን እኔው ራሴ ከወንዝ ያመጣሁት፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ድንጋይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በእግሬ ገፋ አድርጌ በሩን አስደግፈው ነበር። በአገራችን ያጠፋ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የተበደለው ሰው ፊት ይቆማል። ልጅ ሆኜ ትልልቅ ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ መሬት ተጋፍተው፣ ወይም ሰው መትተው። በካባ ምክንያት ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን ከራሴ በቀር አላውቅም።

ይህን ያነሣብኝ የወንድሜ የልጅ ልጅ ሠርግ ነው። ባለፈው ጥር መጣችና “እማማ፣ እርስዎ ጨርቅ ያውቃሉ፤ ካባ ያስመርጡኝ” ብላ ይዛኝ ወጣች። የወሰደችኝ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ወዳለ መስታወት በር ነው። በሩ ላይ “የሙሽራ ካባ ይከራያል” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ፊደሉ ከሩቅ ይነበባል። ውስጡ ነጩ፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ሳይቀር በመስቀያ ተደርድሯል። ቀረብ ብዬ አንዱን አሸተትሁት፤ ሽቶ ሽቶ ይላል። ለሻጯ ልጅ “ናፍታሌን አታደርጉበትም? ብል አይበላውም?” አልኋት። ልጅቱ ሳቀች። “እማማ፣ ብሉ መቼ ቁጭ ብሎ ይብላው? በየሳምንቱ ሠርግ ይሄዳል እኮ!” አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ፈገግ አልሁ። ልጃችን ነጩን መረጠች፤ ሰኞ ሊመለስ ተስማምታ፣ ስሟን አስመዝግባ፣ ደረሰኝ ተቀበለች። ማንም ማንንም አላፈረም። ዛሬ በደረሰኝ የሚደረግ ነገር ያን ጊዜ የሰው ስም የሚቀበርበት ምሥጢር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የናፍታሌን ሽታ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

እኔ መሸጥ የጀመርሁት በቀበሌ ሱቅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ለኮሌጅ ሳይበቃ ሲቀር፣ እዚያ ስኳር እመዝናለሁ፣ ረጃጅሙን ሳሙና በሽቦ እቆርጣለሁ። በዚያ ዘመን የሚለማመጠው ሸማቹ ነበር። በቅሎ ላይ ሆነው ሰው የማያዩ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ካርዳቸውን ይዘው ተሰልፈው “እመቤት፣ እንደምን አደርሽ” ይሉኛል። ሻጭ ፊቷን ካጠቆረች ስኳሩ አልቋል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ፊቴን ነበር የሚያዩት። መንግሥት ሲለወጥ ሱቁ ተዘጋ። ሚዛኑን ጠርጌ አስረክቤ ቤቴ ገባሁ፤ ብዙ ወራት ያለ ሥራ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ነው እናኑ የመጣችው።

ከእናኑ ጋር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ክረምት ሲሆን አንድ ጃንጥላ ነበረን፤ የእርሷ ነው፤ የምይዘው ግን እኔ ነኝ፤ በቁመት ስለምበልጣት። ባሏ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በድንገት ሞተና ሁለት ልጆችና ሱቁ እጇ ላይ ቀሩ። ቤቴ መጥታ ገና ሳትቀመጥ “አስኩ፣ እኔ ሰው አላምንም፤ አንቺ ግቢልኝ” አለችኝ። በማግስቱ ገባሁ። እናኑ ዛሬም አለች፤ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በሩቅ እንተያያለን። ሱቁ ግን የለም፤ ቦታው ላይ ስልክ ይጠገናል።

አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር ነበረው። ከውስጥ አቡጀዲው ከታች፣ ካኪው ከመካከል፣ ቴትሮንና ከፋዩ ከላይ፤ ጣቃ በጣቃ ላይ ተደርድሮ ጣሪያ ይነካል። አንድ ሜትር ካኪ ከአንድ ዶሮ ያንስ ነበር። የከተማ ልጃገረዶች ሽንሽን ቀሚስ ያሰፋሉ፤ የገጠሮቹ ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለበት ይወዳሉ። ወንዶቹ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው ነው ሱሪ የሚለኩት። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ ስለነበር ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ክሩ ሲጠላለፍበት ዘፋኙ እንደ ሰካራም ድምፁን ይጎትታል፤ ጋሽ ኑርዬም ከበረንዳው ላይ “ይኸው ጠጣ ደግሞ!” ይላሉ።

እዚህ ቤት ደግሞ የምንለማመጠው እኛ ሆንን። መልመድ ነበረብኝ። አንዱ አሥር ጣቃ አስወርዶ፣ አንዱንም ሳይገዛ፣ “አቧራ ነው የምትሸጡት” ብሎ ይወጣል። ሌላው ጣቱን ምራቁን እንትፍ ብሎበት ጨርቁን ያሻል፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆን። ክር መዝዞ በክብሪት አቃጥሎ የሚያሸትም አለ፤ ካልጣመው “ይሄ ላስቲክ ነው፤ ለላምሽ አልብሻት” ይልሻል። የሜትሩን ብረት የማያምኑ ብዙ ነበሩ፤ በክንድ ካልተለካ አይገዙም። አንድ ጊዜ ከሐሙሲት ወገን የመጡ ወንድማማቾች እጁ ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ቀጭን ዘመዳቸውን ከኋላ አስከትለው ገቡ። እርሱ ሰላምታም አልሰጠ፣ ጨርቅም አላየ። “እሳቸውስ ምን ይፈልጋሉ?” አልኋቸው። “እሱ ምንም አይፈልግ፤ ለመለኪያ ነው ያመጣነው” አሉኝ። እንደምንም አግባብቼ በሜትሩ ለክቼ ስሸጥላቸው ሰውየው የሥራ ቀኑን እንዳቃጠልሁበት ሁሉ ተቆጥቶኝ ወጣ።

ለዚህ ሁሉ መልሴ ዝም ማለት ነበር። ከልጅነቴም ብዙ አልናገርም። ጣቃውን አወርዳለሁ፣ ጣቃውን እመልሳለሁ። እናኑ ሰው ፊት “የአስካለን ትዕግሥት ለእኔ በሰጠኝ” እያለች ታሞግሰኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሱቁ ውስጥ የእኔ ነው የምለው አንድ ነገር የካባው ሣጥን ነው። ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ቁልፉ መቀነቴ ላይ ይታሠራል። ካባ በየቀኑ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ከሠርግ ወር እስከ ሠርግ ወር ይቀመጣል። ስለዚህ በየወሩ እያወጣሁ አራግፌ፣ ናፍታሌኑን በጨርቅ ቋጥሬ በየእጥፋቱ አስገባለሁ። ሽታው ከእጄ አይወጣም ነበር። ቅዳሴ ላይ አጠገቤ የቆሙ ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳብ ያደርጋሉ። ጋሽ ኑርዬ ጠዋት ሲያዩኝ “አስካለ መጣች፤ ትንኝ የሆንህ ሁሉ ሽሽ!” ይሉ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ሣጥን ብል የነካው አንድ ካባ አልወጣም። “የአስካለ ሣጥን” ይሉት ነበር ገበያተኞቹ። ሀብት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ በዚህ ከተማ የነበረኝ ይኸው ስም ነው።

እሜቴ ጥሩወርቅ የእህል ነጋዴ ባለቤት ናቸው። ሠርግም ሆነ ተስካር የዚያ ቤት ጨርቅ ከእኛ ነው የሚገዛው፤ እናኑም እርሳቸው ሲገቡ ከመቀመጫዋ ትነሣለች። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። ጣታቸውን ያጮሃሉ። “አንቺ፣ ያቺን አውርጂ። ያቺን አልሁ እኮ፤ ዓይንሽን ምን ጋረደው?” ይላሉ። አንድ ጊዜ ሻሽ ሳሳያቸው እጄን ገፍተው “በናፍታሌን እጅሽ አትንኪብኝ፤ አስከሬን አስከሬን ይሸታል” አሉኝ። እጄን ታጥቤ መጥቼ አሳየኋቸው።

ልጃቸውን የዳሩ ዓመት ሙሽሪት የይፋግ ልጅ ነበረች፤ ሠርጉም እዚያው ይፋግ ነው የተደረገው፤ ከእኛ ከተማ የሄደው ሰው ጥቂት ነው። ጥሎሽ ሲቀርብ ሽማግሌዎች ልብሱን አንድ በአንድ ከፍ እያደረጉ ለሙሽሪት ወገን ያሳያሉ፤ ሁሉም ይቆጥራል፣ ሁሉም ያማል። ካባ የሌለበት ጥሎሽ ከሆነ የወንዱ ቤት ዕድሜ ልኩን ይነሣበታል። እሜቴ ጥሩወርቅ መጥተው ጥቁሩን የከፋይ ካባ መረጡ፤ ዳር ዳሩ በወርቃማ ክር የተጠለፈ፣ ከሣጥኑ ሁሉ የበለጠው ነው። ልጠቅልለው ስል እናኑ “ተይው፣ እኔ አደርገዋለሁ” ብላ ይዛቸው ጓዳ ገባች። ቆይተው ወጡ። ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም።

ከሠርጉ በኋላ በአምስተኛው ቀን፣ ገበያ ስለነበር ሱቁ ሞልቷል። እሜቴ ጥሩወርቅ ሰው እየገፉ ገቡና ካባውን ባንኮኒው ላይ ወረወሩት።

“አንቺ! ይኼ ምንድን ነው? ብል ያስበላሽውን ነው የምትሸጭልኝ?”

“እሜቴ፣ ምን ሆነ?” አልሁ።

“ምን ሆነ ትለኛለች! ሣጥኔን ስከፍት ይኸው ተበልቶ ጠበቀኝ። ልጄ አልለበሰው፣ ሙሽሪት አላየችው። የሰው ካባ ለምኜ ነው ጥሎሽ ያወጣሁት! በአማቶቼ ፊት ልትቀብሪኝ ነበር?”

አየሁት። ከታች ጠርዙ ዘንድ፣ በውስጥ በኩል፣ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለች። ብል የበላው ጨርቅ ዳሩ ይሳሳል፣ ሲነኩት ይበናል። የዚህኛው ዳር ግን ጠጥሯል፤ በትኩስ ነገር የተበሳ ነው። ይህን አልተናገርሁም። “እስቲ ልየው” ብዬ ብቻ፣ በየወሩ እንደማደርገው፣ ካባውን በሁለት ትከሻው ይዤ አንድ ጊዜ አራገፍሁት። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ከኮሌታው እጥፋት ሥር ሦስት ፍሬ ፈንዲሻ ወጣና ባንኮኒው ላይ ዱብ ዱብ አለ። አንዷ ተንከባልላ መቀሱ ዘንድ ቆመች።

 ከዚያ ካኪ ሲያስለካ የነበረ አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ፈንዲሻውን አየና “አይ! ይሄስ ብል ፈንዲሻ ይወዳል!” አለ።

“ሠርግ ተጠርቶ ነዋ!” አለ ጓደኛው።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። በረንዳው ላይ የጋሽ ኑርዬ መኪና ቆመ። እኔ አልሳቅሁም። የእሜቴ ጥሩወርቅ ፊት ግን ደም መሰለ። የሜትሩን ብረት አንሥተው ባንኮኒውን መቱት።

“አንቺ ማን ነሽና ነው በእኔ ላይ ሰው የምታስቂው? ከድሃ ስኳር ስትቆነጥሪ የኖርሽ፣ የቀበሌ ሱቅ ያሳደገሽ!”

ከማንም ስኳር አንዲት ቁንጣሪ ወስጄ አላውቅም። ይህን የሚያውቅ ሰው ሱቁ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ዞሬ እናኑን አየኋት።

እናኑ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ ፈንዲሻው ላይ ነው። መጣችና በመዳፏ ሦስቱንም ወደ ወለሉ ጠረገቻቸው። “እሜቴ፣ በእኔ ይሁን” አለች፤ ድምፅዋን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ፤ “ናፍታሌን ሳታደርግበት ቀርታ ነው። ጥፋቱ የአስካለ ነው።”

ሳቁ ቆመ። ያ ገበሬ ቀስ ብሎ ካኪውን አጠፈና ባንኮኒው ላይ መለሰው። “እንግዲያ ይሄንንም ሳይነካው አይቀር” ብሎ ወጣ። ጓደኛውም ተከተለው። በዚያ ሳምንት ጉሊት ስወጣ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት “የእናኑን ካባ በብል አስፈጀሽው አሉ” አለችኝ። ደንበኛም ሲገባ ጨርቁን ከእኔ እጅ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያየው ጀመር። ጋሽ ኑርዬ ስለ ትንኝ መቀለድ ተዉ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ተሰማኝ።

ቀኑን ጠብቄ፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ “ፈንዲሻውን አይተሻል” አልኋት።

“አይቻለሁ” አለች እናኑ።

“ታዲያ?”

“ታዲያማ አስኩ፣ አንቺ ዝም ማለት ትችያለሽ። እሳቸው አይችሉም።” ከዚያም እጄን ያዘችኝ። “እሑድ ድንጋይ ይዛ ይቅር በሉኝ ትበለኝ ብለዋል። መምሬ ይኖራሉ፤ ሌላ ሰው አንጠራም። አንድ ጊዜ ጎንበስ ማለት ነው። ያ ቤት ከቀረብኝ ይህን ሱቅ መዝጋቴ ነው፤ ልጆቼን እይልኝ። ለእኔ ብለሽ።”

ፈርታ ነው አልሁ። ባል የሌላት ሴት ናት፣ ትልቅ ደንበኛ እንዳይቀርባት ፈርታ ነው፤ ያን ቀን በድንጋጤ አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች አልሁ። አራት ቀን ሙሉ ይህንኑ ለራሴ ደጋገምሁት፤ በመጨረሻ አመንሁት። የአንዲት ሴት ክፋት የእናኑን ቤት እንዳይዘጋው ስሜ ትንሽ ቢጎድፍ ምን አለበት አልሁ። እሺ አልኋት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የተሰበሰብነው። ጋሽ ኑርዬ በክርስቲያን በዓል ሥራ አይሠሩም ነበር፤ ያን ቀን ግን መጥተው መኪናቸው ዘንድ ተቀመጡ፤ ለምን እንደመጡ አልጠየቅኋቸውም። ድንጋዩን ከበሩ ሥር ያነሣችው እናኑ ራሷ ናት። እንዳይቆረቁረኝ ነጠላዬን አጥፋ ማጅራቴ ላይ አደረገችና ድንጋዩን በቀስታ አኖረችልኝ። “ከበደሽ?” አለችኝ። አልከበደኝም አልኋት። ከዚያ ሄዳ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች።

ከበሩ እስከ በርጩማው ሰባት እርምጃ ነው። ዓይኔ ከወለሉ አልተነሣም። ወለሉን ጠዋት የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ የክር ቁራጭ አንድ ቦታ ቀርቶብኛል። ደርሼ ጎንበስ አልሁ።

“እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።”

 መምሬ አላምረው ሳል አሉ።

“ይቅር ይበሉኝ።”

“ስለ ምን?” አሉ እሜቴ ጥሩወርቅ።

“ሰው ስላሳቅሁብዎ።”

“ስለ ካባውስ?”

እናኑን ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም፤ ድንጋዩ ቀና አያስብልም። “ስለ ካባውም” አልሁ።

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አሉ። መምሬ መጥተው ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረዱና ከባንኮኒው እግር ሥር አስቀመጡት፤ ጥቂት ጸሎት አደረሱ። እሜቴ ጥሩወርቅ ተነሥተው ጉንጬን ሳሙኝ። በአንድ ጊዜ ፊታቸው ተፈታ፤ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። እጄንም ያዙኝ፤ ናፍታሌን የሚሸተውን።

“በቃ፣ በቃ፤ እኔ ቂም አላውቅም” አሉ። “ያለቀ ነገር ነበረ እኮ፤ ያቺ ፈንዲሻ ናት ያዋረደችን። ሳላራግፈው ማምጣቴ የእኔ ጥፋት ነው። እናኑ ነግራኝ ነበር፤ ‘ኪራዩን ከፍለው ይውሰዱት፤ አሳይተው ይመልሱልኝ፤ ብል በላው ይበሉ፤ አስካለ ናፍታሌን ረስታ ነው እላለሁ፤ እሷ ዝም ትላለች’ ብላ። ቀዳዳውን እንኳ ከየት በኩል ቢሆን ኋላ ሲጣፍ እንደማይታይ ያሳየችኝ እሷ ናት። መቼም እጅዋ ብልኅ ነው!” ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ያጀበ ሰው ሲጠፋ ፊቴን አዩና “ነግራሽ የለም እንዴ?” አሉኝ።

መምሬ አላምረው ጭራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። በረንዳው ላይ ጋሽ ኑርዬ ዞሩ። እናኑ እጆቿ ባንኮኒው ላይ እንደተዘረጉ ናቸው።

“አስኩ” አለች።

የሣጥኑን ቁልፍ ከመቀነቴ ፈትቼ በእጆቿ መካከል አስቀመጥሁት። ነጠላዬን ዘርግቼ ለበስሁ። ድንጋዩን ከባንኮኒው ሥር አንሥቼ በሩን እንደ ወትሮው አስደገፍሁና ወጣሁ።